ምልክት የሌለበት ጎማ

ትርፍ ቡሎኖች በማስቀምጥባት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ጎማ አለ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰኝ ሽታው ነው፤ የጭነት መኪና ጎማ፣ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ ደግሞ የሰው እጅ። ጎማው በስለት ተስተካክሎ የተቆረጠ ነው። በካሊፐር ለክቼዋለሁ፤ ጎኖቹ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ አይለያዩም። በእጅ የተቆረጠ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። አገላብጬ አየዋለሁ። በየትኛውም ጎኑ ምልክት የለበትም። እንደሌለበት እያወቅሁ ዛሬም አገላብጬ እፈልጋለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት በዚያ ሐሙስ፣ ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር በነበረው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ማን ማን እንደነበርን ልቁጠርላችሁ። አለቃዬ ነበረ፤ የጋራዡ ባለቤት፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሠራ፣ ሲናደድ ድምፁን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ሹፌሩ ነበረ፤ ከጅማ አጋሮ የሚመላለስ የነጭ ሚኒባስ ባለቤት፣ ቀኝ እግሩን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ። ሻይ ሻጯ ነበረች፤ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ላስቲክ ቤቷ ያላጠበችውን ብርጭቆ እንደያዘች መጥታ ቆማለች። ጎማ ቆራጩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ተልኮባቸው ከሂርማታ ገበያ ሥራቸውን ጥለው ስለመጡ ወስፌያቸው እጃቸው ላይ ነበር። አምስተኛው እኔ ነበርኩ። እኔ ከሚኒባሱ ሥር ነበርኩ።

ሞተር በመኪና አካል ላይ በቀጥታ አይታሰርም። ከፊት በሞተሩና በሻሲው መካከል ሁለት፣ ከኋላ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ ሥር አንድ ወፍራም ጎማ ይቀመጣል። የሞተሩን መንቀጥቀጥ እነዚህ ሦስት ጎማዎች ይውጡታል። ለሚኒባስ ደግሞ ከሌላው መኪና ይልቅ ያስፈልጉታል፤ ሞተሩ ያለው ገቢና ከሚቀመጡት ሰዎች መቀመጫ ሥር ነውና። በዚያን ጊዜው የአጋሮ መንገድ፣ በጭቃውና በጉድጓዱ፣ ጎማዎቹ ከሦስት ወር በላይ አይዘልቁም ነበር። የፋብሪካውን ከአዲስ አበባ እስኪልኩት መጠበቅ ስለማይቻል የጅማ መካኒኮች ሁሉ ወደ ጎማ ቆራጩ ይልኩ ነበር።

እሳቸው ከዳውሮ የመጡ ናቸው። እንጀራቸው ከአሮጌ ጎማ ጫማ መሥራት ነበር፤ የሞተር ጎማ ሲታዘዙ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ደጃፋቸው ላይ ከተደረደረው የጭነት መኪና ጎማ አንዱን ይመርጣሉ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫፉን በጥርሳቸው ይነክሱታል። እውነቴን ነው፣ ይነክሱታል። ትንሽ ያኝኩና ይተፉታል።

"ይሄ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ይሰነጠቃል" ይላሉ። ሌላውን ይነክሳሉ። "ይሄ ለሰው እግር ይሆናል፤ ለሞተር ገና ጥሬ ነው።"

ሹፌሩ ከአጠገባቸው ቆሞ ሰዓቱን እያየ "ማሎ፣ እባክዎ አባባ፣ እየመረጡ ነው እየበሉ?" ሲላቸው ይስቃሉ። አይቸኩሉም። ሲቆርጡ መዝሙር በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ስለቱን በየመሀሉ ላምባ ያስነኩታል። ሲጨርሱ ወስፌያቸውን ፍም ላይ አግለው ከጎማው ጎን ሦስት ነጥብ ይወጉበታል። ነጥቦቹ እንደ ጉልቻ ተቀምጠው ነው የሚወጉት እንጂ በመስመር አይደለም። አንድ ቀን ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው።

"ሲበላሽ ወደ ማን እንደምትመጣ እንድታውቅ ነዋ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። የጋራዡን ብየዳ በሙሉ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ብየዳን ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ላሜራ እያበላሸሁ ለራሴ ተማርኩት። ብዙ አላወራም ነበር፤ ካወራሁም ስለ ልክ ነው። ሌላው መካኒክ በዓይኑ ገምቶ የሚያልፈውን እኔ በካሊፐር እለካው ነበር። በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ግድ ግን አልነበረኝም፤ እንዲያውም ኩራቴ እሱ ነበር።

ከቪዲዮዎቹ በአንዱ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች አየሁ። ጎማዎቹን አውጥተው በምትካቸው ድፍን ብረት ያስገባሉ። ሞተሩ ከሻሲው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ነዳጅ ሲሰጡት እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ቆንጆ ሆኖ ታየኝ። በየሦስት ወሩ የሚቀዳደድ ነገር፣ አንዴ በትክክል ተሠርቶ ለዘላለም ቢቀመጥስ?

ለአለቃዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አየልኝ።

"እነዚህ አሥር ደቂቃ ሮጠው ይቆማሉ" አለ። "የኛ አሥራ ሁለት ሰው ይዞ አጋሮ ይወርዳል። ጎማው ይሰበር። እሱ የሚሰበረው ሌላው እንዳይሰበር ነው።"

"ግን በየሦስት ወሩ..."

"በየሦስት ወሩ ይቀየራል። አለቀ።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

አለቀ አላልኩም። ብረት የሚቀርጹት ቶርኖ ቤት ከሚጥሉት ትራፊ ሦስት ድፍን ብረት መረጥኩ፤ በልክ አስቆረጥኳቸው፤ ከላይና ከታች ወፍራም ላሜራ በየድኩባቸው። በሻሲው ቀዳዳ ልክ በሳኋቸው። ዛሬም የሠራሁትን ብረት ሳስበው አላፍርበትም፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። የማፍረው ቀጥሎ ባደረግሁት ነው።

የሚኒባሱ ጎማዎች አልቀው ሹፌሩ ሲመጣ፣ ሽማግሌው እንደተለመደው ሦስት አዲስ ቆርጠው ላኩ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ለቅሶ ሄደ። ብቻዬን ነበርኩ። የሽማግሌውን ጎማዎች ሞርሳ ላይ አሰርኳቸውና ጎን ጎናቸውን ልክ እንደ ድንች ልጣጭ ገፈፍኳቸው፤ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት። ልጣጩን በብረቶቹ ዙሪያ በማስቲሽ ለበጥኩት። ሦስቱ ነጥቦች በውጭ በኩል እንዲታዩ አድርጌ። ቀሪውን ሥጋቸውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቼ ብረቶቹን በጎማዎቹ ቦታ አሰርኳቸው።

አለቃዬ ሲመለስ መቀመጫውን ከፍቶ በባትሪ አየ። ነጥቦቹን አየ።

"የሽማግሌው ነው" አለ። "ዝጋው።"

ይህን ያደረግሁት ለማታለል አልነበረም ብል ዋሸሁ፤ ለማታለል ነበር። ግን ለሦስት ወር ብቻ። ሦስት ወር ሲሞላ፣ ሌላው ጎማ በሚቀየርበት ሰዓት፣ ሁሉንም ጠርቼ ልጣጩን በቢላ ላጥ አድርጌ ብረቱን ላሳያቸው ነበር። የምላቸውን ቃል ሁሉ ተለማምጄዋለሁ። አለቃዬ መነጽሩን አድርጎ ሲያየው ጭምር በሐሳቤ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሹፌሩ እየሳቀ መጣ። "ወላሂ ማርሹ ቅቤ ሆኗል! ሽማግሌው ምን ቀብተውልኝ ነው?" ከአጋሮ በፌስታል ሙሉ አቮካዶ አምጥቶ ገበያ ድረስ ሄዶ ሰጣቸው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው "ኧረ እኔ የተለየ ነገር አልሠራሁም" እንዳሉት ነገረን። ቀናሁ። ምስጋናዬን ሌላ ሰው በልቶብኝ እንደሆነ ነው የተሰማኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌላ ወሬ መጣ። ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቆም የሻይ ሻጯ ብርጭቆዎች ጠረጴዛዋ ላይ መንጫጫት ጀመሩ።

"ምንድን ነው ይሄ፣ መኪና ነው ወፍጮ?" ትለው ነበር ሹፌሩን። "ትናንት ገቢና አስቀምጠኸኝ ስወርድ ስሜን ጠይቀውኝ ረሳሁት።"

"አንቺ ድሮስ ስምሽን መች ታውቂያለሽ?"

"ሂድ ወደዚያ! ብርጭቆዬን አስጨፈርክልኝ፤ ሽልማት ክፈላት።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሹፌሩ እጁን ከፍቶ እየዘጋ "ሰሞኑን ጣቶቼ ይደነዝዙኛል" አለ። "ስኳር ይሆናል፤ አባቴም ነበረበት።" ሄዶ ተመረመረ፤ ስኳር የለበትም። አልሃምዱሊላህ እያለ ዜናውን ሲነግረን እኔ ቡሎን እየጠረግሁ ነበር። መሪውን ይዞ በቀን ሁለት ጊዜ አጋሮ ደርሶ የሚመለስ ሰው እጁ ለምን እንደሚደነዝዝ አውቅ ነበር። ቡሎኑን ደግሜ ጠረግሁት።

ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ ዘይት ስቀይር፣ በግራ በኩል ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው የመኪናው ማሰሪያ ብረት ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ቆሻሻ መሰለኝና በአውራ ጣቴ ጠረግኋት። አልጠፋችም። ለካኋት፤ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ናት። እዚያው ተጋድሜ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም። ያን ቀን ብናገር ኖሮ የሚጠፋው ኩራቴ ብቻ ነበር። አልተናገርኩም፤ በየድኳትና ጥቁር ቀለም ቀባኋት። ሹፌሩ "ምን በየድክልኝ?" ሲለኝ "የጭስ ማውጫውን ማርሚታ" አልኩት። አመሰገነኝ።

(ይህን የምጽፈው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለችው የራሴ ሱቅ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ባጃጁን ሊያሠራ የመጣ ልጅ በር ላይ ተጠልሎ ስልኩን ይነካካል። ምን እንደምጽፍ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነበር። አልጠየቀኝም።)

ከብየዳው በኋላ ነው ያ ሐሙስ የመጣው፤ የገበያ ቀን ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ከአጋሮ ሲመለስ ጅማ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ያ ማሰሪያ ብረት ከብየዳዬ አጠገብ ተቆረጠ። ሞተሩ በአንድ ጎኑ ወረደ፤ ቬንቲሌተሩ ራዲያተሩን ቀደደው፤ የፈላው ውኃ በወለሉ በኩል ወጥቶ የሹፌሩን ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች ላጠው። እግሩ እየተቃጠለ ፍሬኑን አልለቀቀም፤ ከመንገዱ ዳር አስጠግቶ አቆመው። ከተሳፋሪው ማንም አልተጎዳም። ይህን ነግረውን የሄዱት ቡና የጫነ መኪና ጎትቶ ያመጣቸው ሰዎች ናቸው፤ እሱ እግሩን ፎጣ ውስጥ አድርጎ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

አለቃዬ ሽማግሌውን የሚጠራ ሰው ላከና "ግባና እይ" አለኝ። ገባሁ።

የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ቡሎኖቹ ተቆርጠዋል፤ የሠራሁት ብረት ከልባሱ ወጥቶ ሻሲው ላይ ተጋድሟል። አልተጎዳም። ጭረት እንኳ የለበትም። ልባሱ ግን ተቦጫጭቆ ቀርቷል፤ ከተረፈው ቁራጭ ላይ ሦስቱ ነጥቦች ነበሩ።

"ምን አገኘህ?" አለ አለቃዬ ከውጭ።

የሰዎቹን እግር ብቻ ነበር የማየው። የአለቃዬን ቦቲ፣ የሻይ ሻጯን ሰንደል ጫማ፣ የሹፌሩን ፎጣ። ያን ጊዜ ከበሩ በኩል የጎማ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች ፈጠን ፈጠን እያሉ ገቡ። ብረቱን አንስቼ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሞተሩ ገና አልበረደም ነበር፤ ብረቱም አልበረደም። ጨርቁን አልፎ ጭኔን ሲያቃጥለኝ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ልባሱን ብቻ ለአለቃዬ አቀበልኩት።

"ጎማው ነው" አልኩ።

"ብረቱስ? ይሄ የተቆረጠው?"

"ጎማው ሲያልቅ ሞተሩ እየመታው ነው የተቆረጠው።"

የዚያ ቀን ውሸቴ በሙሉ ይኸው ነው። በዚያ ግቢ ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም፤ አላስፈለገም።

ወጥቼ ስቆም ሹፌሩ ቁራጩን ከአለቃዬ እጅ ነጥቆ ሽማግሌው ፊት ዘረጋው። ነጥቦቹን በጣቱ እየመታ "ይሄ የማን ነው? ንገረኝ፣ የማን ምልክት ነው? አንተ ነህ እግሬን የቀቀልከው!" አለ። ሁልጊዜ አባባ፣ እርስዎ ይላቸው የነበረ ሰው "አንተ" ሲላቸው ሻይ ሻጯ "ኧረ በአላህ! ኧረ ነውር ነው!" ብላ ክንዱን ያዘችው።

ሽማግሌው መጀመሪያ እግሩን አዩ። ከዚያ ቁራጩን ተቀበሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጫኑት፤ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ጫፉን ነከሱት። ቀስ ብለው አኘኩ። አልተፉትም። ቁራጩን አዙረው ከጀርባው አዩት፤ እሳቸው ድፍን አድርገው የቆረጡት ጎማ ሦስት ሚሊሜትር ልጣጭ ሆኖ፣ በጀርባው ማስቲሽ ደርቆበት። ቀና ብለው አለቃዬን አላዩም። ሹፌሩንም አላዩም። ወደ እኔ እጅ፣ ከእጄም ወደ ቱታዬ ኪስ አዩ። ኪሴ ከብዶት ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነበር።

ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ቢናገሩ ኖሮ እወድቅ ነበር፤ ደግሞም የምገላገል መስሎኝ ነበር።

"ምልክቱ የኔ ነው" አሉ። "ልጄ፣ እግርህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ይቅር በለኝ።"

አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዛሬ ጀምሮ ለሞተር አይቁረጡልን አባባ፤ ጫማዎን ይሥሩ" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁራጩን ይዘው ሄዱ። ሻይ ሻጯ ልትሸኛቸው ተከተለቻቸው፤ በሩ ጋ ሲደርሱ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ሌሎቹን ሁለት ብረቶች በማግሥቱ እኔው ፈታኋቸው፤ ለሚኒባሱ የፋብሪካ ጎማ ከአዲስ አበባ ታዘዘ። ጠያቂ አልነበረም። ወሬው ግን በየጋራዡ ዞረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማንም ለሞተር ጎማ ወደ እሳቸው መላክ አቆመ። በሂርማታ ሳልፍ ጎንበስ ብለው ጫማ ሲወጉ አያቸው ነበር። አያንጎራጉሩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ብዬ ቀረብኩ፤ ሁለት ጊዜ "ደኅና ዋሉ" ብዬ አለፍኩ። እሳቸው ግን ሁለቱንም ጊዜ "ጭንህ ዳነ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ስለ ጭኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ቦታቸው ባዶ ሆነ። ወደ ዳውሮ ተመልሰዋል አሉ። በዚያው ሳምንት ሻይ ሻጯ ጠራችኝ፤ ከጠረጴዛዋ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

"ሽማግሌው ናቸው። 'ለዚያ ለዝምተኛው ስጪልኝ' ብለው።"

ሦስት ጎማዎች ነበሩ፤ ሁለት ለሞተር፣ አንድ ለካምቢዮ፣ በዚያው ሚኒባስ ልክ። አገላብጬ አየኋቸው። ነጥብ አልነበረባቸውም።

"ሌላስ ምን አሉ?"

"'ምልክቱን እሱ ያድርግበት' አሉ። ምን ማለታቸው ነው?"

"እንጃ" አልኩ።

ሚኒባሱ ለቅያሬ ሲመጣ የሞተሩን ሁለቱን ሳስገባለት ሹፌሩ እያነከሰ መጥቶ "የማን ሥራ ነው?" አለኝ። "ከአዲስ አበባ የመጣ ነው" አልኩት። እነዚያ ጎማዎች አምስት ወር ቆዩ። ሦስተኛው፣ የካምቢዮው ገና ስላላለቀ ያስቀረሁት፣ ይኸው ቆርቆሮዬ ውስጥ ነው። እሱን እያየሁ፣ ስንቱን ጎማ አበላሽቼ፣ መቁረጥ ተማርኩ። ዛሬ በጅማ ለሞተር ጎማ የሚቆርጠው እኔ ነኝ፤ ከአጋሮም ከሰቃም ይመጣሉ። በጥፍሬ እጫናለሁ፣ ጫፉን እነክሳለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ሥራዬ ላይ ግን እስካሁን አንድም ምልክት አድርጌ አላውቅም።

አለቃዬ፣ ሹፌሩ፣ ሻይ ሻጯ፦ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ሞተሩን የያዘው ጎማ ሳይሆን ብረት ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። የሽማግሌው ጎማ እዚያ መኪና ላይ አልነበረም፤ ቆዳው ብቻ ነበር።

እኔ የማስታውሰው ይህን ያህል ነው፤ ፈርቼ ስለነበር ብዙ ነገር አላየሁም። ሹፌሩ፣ የሽማግሌውን ፊት ከቅርብ ያየኸው አንተ ነህ፤ ይቅር በለኝ ሲሉህ ወዴት እያዩ ነበር? ሻይ ሻጯ፣ በሩ ጋ በቋንቋቸው ያሉትን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ትርጉሙን ባታውቂውም ድምፁን እንደነበረ ንገሪኝ፤ የሚተረጉምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከመካከላችሁ ዳውሮ ውስጥ የት እንደገቡ የሚያውቅ ካለም ይንገረኝ። ጎማውን ይዤ እሄዳለሁ። ጠዋት ጫፉን ነክሼዋለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ገና ለስላሳ ነው።